አዲስ ታብ ስንከፍት የት ነው የምንቆመው?

(ይህ ጽሑፍ በካምፓችን የኮምፒዩተር ክፍል ለጀማሪ ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር ነው። ተናጋሪው ቀደም ሲል በካርቱም፣ በጀብራ ሰፈር የስደተኛ ልጆችን ያስተምሩ የነበሩ መምህር ናቸው። ለዜና መጽሔቱ እንዲመች ጥቂት ከማሳጠር በቀር እንዳለ ቀርቧል።)



እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በስደት ላይ መምህር የሆንኩ ሰው እንጂ የኮምፒዩተር ምሁር አይደለሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ግማሹን ከመጽሐፍ፣ ግማሹን ደግሞ በራሴ ላይ ከደረሰ ጉዳት ነው። ዛሬ የምናገረው ከጉዳቱ ስለተማርኩት ነው።

ርእሱ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ጥቁሩን መስኮት፣ ማለትም ተርሚናል የምንለውን ከፍታችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ እየሠራችሁ ሳለ ሁለተኛ ታብ ብትከፍቱ፣ አዲሱ ታብ የሚከፈተው እናንተ የነበራችሁበት ፎልደር ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ጥያቄው ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ይህ ምን ያስጨንቃል? ሌላ ቦታ ከተከፈተ ተመልሶ መግባት ነው» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ሌላ ቦታ መከፈቱን ያየ ሰው ተመልሶ ይገባል። እኔ ግን አላየሁም ነበር።

ጀብራ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2023 መሆኑ ነው። በእኛ ግቢ ዶሮው ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ ተልጦ ነበር። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ በረመዳን ጾም ላይ ነበሩ። ጠዋት ተኩስ ሲሰማ አንድ ቀን የሚያልፍ መስሎን በር ዘግተን ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ መብራቱ ሄደ፤ ውኃው ሄደ፤ በሦስተኛው ሳምንት እኛም ለመሄድ ቆረጥን።

እናስተምርበት የነበረው ቦታ በኪራይ የተያዘ አንድ ግቢ ሲሆን፣ ሊኑክስ የተጫነባቸው ጥቂት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነበሩን። የተማሪዎቹ የውጤት መዝገብ ግን ያለው በእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። የ41 ተማሪዎች ውጤት፣ ከየትኛው ክፍል ወደ የትኛው ክፍል እንዳለፉ፣ በየትኛው ዓመት እንደገቡ፤ ሁሉም እዚያ ነበር። ለመውጣት በተዘጋጀንበት ሌሊት የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ መብራት የለም። ተርሚናሉን ከፍቼ፣ «2015» ወደሚባለው ፎልደር ገብቼ፣ ሲፒ በሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ በመጀመሪያ የፈተና ወረቀቶቹን ምስል ወደ ፍላሽ መቅዳት ጀመርኩ። ምስሎቹ ከባድ ናቸው፤ ፍላሹም ዘገምተኛ ነው። ያ እስኪያልቅ ልጠብቅ ብል ባትሪው አይጠብቀኝም። ስለዚህ ሁለተኛ ታብ ከፈትኩና «ውጤት» የሚባለውን ፎልደር ወደ ፍላሹ ቅዳ ብዬ አዘዝኩት። ኢንተር መታሁ። ኮምፒዩተሩ ምንም ስሕተት አላወጣም፤ በአንድ ሴኮንድ ጨረሰ። ቀላል ሥራ ስለሆነ ፈጥኖ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ።

ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልዬ የበርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ላፕቶፑ መንገድ ላይ ቀረ፤ እንዴት እንደቀረ፣ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ሳልነግረው ያውቃል። ፍላሹ ግን ከእኔ ጋር ወድ መደኒን አልፎ ገዳሪፍ ገባ።

ገዳሪፍ ላይ በሰው ኮምፒዩተር ስከፍተው የፈተናው ወረቀት አለ፤ «ውጤት» የሚለውም ፎልደር አለ። ከፈትኩት። ያለበት የ2013 ዓ.ም. መዝገብ ነው። አሥራ አራት ተማሪዎች፤ ግማሾቹ ያኔውኑ ትምህርት አቋርጠው የሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ስጀምር ዕቃዬን በሥርዓት የማስቀምጥ ሰው አልነበርኩም። የ2013ቱን መዝገብ «ውጤት» ብዬ እቤት ውስጥ፣ ሆም ዳይሬክቶሪ በሚባለው ቦታ ላይ እንዲሁ ጥዬው ነበር። የ2015ቱን ደግሞ በዓመቱ ፎልደር ውስጥ፣ በዚያው ስም አስቀምጬዋለሁ። ሁለተኛው ታብ የተከፈተው «2015» ውስጥ ሳይሆን እቤት ነበር። «ውጤት» የሚል ፎልደር እዚያም ስላገኘ፣ ያገኘውን ቀዳ። ስሙ ባይኖር ኖሮ «የለም» ብሎ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም እነቃ ነበር።

ከወራት በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ስልክ ደወለች። «ቲቸር፣ እንኳን ተረፉ። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴን ማኅተም ባይኖረውም ጽፈው ይልኩልኛል?» አለችኝ። ለመመዝገብ ተጠይቃ ነው። ያን ቀን የመለስኩላትን መልስ እዚህ አልደግመውም።

ከዚያ ወዲህ በየስልኩ እየደወልኩ፣ የውጤት ካርዳቸውን በስልክ ፎቶ ያነሱትን ልጆች እየለመንኩ፣ ከ41ዱ የ19ኙን መልሼ አገኘሁ። የቀሩት እንደገና ተፈትነው፣ አንዳንዶቹም አንድ ክፍል ዝቅ ብለው ጀምረዋል። የተርሚናሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። ቅንብሩ ውስጥ «አዲስ ታብ የት ይከፈት?» የሚል ምርጫ ነበረው። ዓመታት ስሠራበት አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁትም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ።

ጀብራ ውስጥ ቤት የምንጠቋቆመው በቤት ቁጥር አልነበረም። «ከዳቦ ቤቱ ጀምረህ በስተግራ ታጠፍ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ በር» ነበር የምንባባለው። ይህ አድራሻ ትክክል የሚሆነው እንግዳው ከታሰበው ዳቦ ቤት ከጀመረ ብቻ ነው። ከሌላ ዳቦ ቤት የጀመረ እንደሆነ ግን እዚያም በስተግራ መታጠፊያ አለ፤ ሦስተኛ በርም አለ፤ አንዳንዴም ሰማያዊ ይሆናል። ያንኳኳል፤ ይከፈትለታል፤ የሚከፍቱለት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በተርሚናል ውስጥ የጀመርንበት ዳቦ ቤት «የሥራ ዳይሬክቶሪ» ይባላል። ፎልደርና ዳይሬክቶሪ አንድ ነገር ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ነው የሚለየው። እናንተ «ውጤት» ብላችሁ ስትጽፉ ኮምፒዩተሩ «የቱን ውጤት?» ብሎ አይጠይቅም፤ አሁን ባለበት የሥራ ዳይሬክቶሪ ውስጥ ያለውን ይወስዳል። የት እንዳላችሁ ለማወቅ ፒ ደብልዩ ዲ የሚባለውን ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፤ ሙሉ መንገዱን ያወጣላችኋል። ቦታ ለመለወጥ ሲዲ ትላላችሁ። አድራሻውን በስላሽ ምልክት ጀምራችሁ ከሥሩ እስከ ጫፉ ከጻፋችሁት ግን የትም ብትቆሙ ለውጥ አያመጣም፤ ልክ «ከትልቁ አስፋልት ጀምረህ» ተብሎ ሁሉም እንደተነገረው እንግዳ ማለት ነው።

ቀጥሎ የምለውን ብዙ ሰው፣ ለዓመታት በኮምፒዩተር የሠራ ሰው ሳይቀር፣ አያውቀውም። የሥራ ዳይሬክቶሪ የመስኮቱ አይደለም፤ የኮምፒዩተሩም አይደለም። በዚያች ሰዓት የሚሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ አለው። እናንተ ትእዛዝ የምትጽፉለት፣ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ይባላል። ሁለት ታብ ከከፈታችሁ ሁለት ሼል አለ፤ እያንዳንዱም በየፊናው ቆሟል። አንደኛው «2015» ውስጥ ቢሆን ሁለተኛው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አንድ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ሲያስነሳ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የመጀመሪያውን ወላጅ፣ ሁለተኛውን ልጅ ይሏቸዋል። ልጅ ሲወለድ ወላጁ የቆመበትን የሥራ ዳይሬክቶሪ ይወርሳል። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ነው፤ ልጁ ቢሄድ ወላጁ ካለበት አይነቃነቅም።

ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ተሰናክለውበታል። ሊኑክስ ሥርዓቱን የወሰደው ዩኒክስ ከሚባለው ነው። ዩኒክስን ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ በ1969 ጀመሩት። ሪቺ ኋላ ላይ በጻፈው ታሪክ እንደተረከው፣ አንድ ፕሮግራም ሌላውን እንዲወልድ የሚያደርገውን አዲስ ዘዴ እንዳስገቡ ሁሉም ነገር ሲሠራ፣ ዳይሬክቶሪ የሚለውጠው ትእዛዝ ብቻ ድንገት መሥራቱን አቆመ። ጽሑፉን ደጋግመው መረመሩት፤ ስሕተት የለውም። በመጨረሻ ተገለጠላቸው፤ ትእዛዙ አሁን የሚፈጸመው እንደ ልጅ ሆኖ ነው። ልጁ ይወለዳል፤ የራሱን ቦታ በሚገባ ይለውጣል፤ ይሞታል። ወላጁ ሼል ግን እዚያው እንደቆመ ነው። መፍትሔው ያንን ትእዛዝ ሼሉ ራሱ ሳይወልድ በገዛ እጁ እንዲፈጽመው ማድረግ ነበር። ዛሬም ሲዲ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። እነዚያን የመሰሉ ሰዎች የት እንደቆሙ ከጠፋባቸው፣ በሻማ ብርሃን የሚሠራ የጀብራ መምህር ቢጠፋበት ምን ይገርማል?

እንግዲህ አስተውሉ። በሁለተኛው ታብ ውስጥ ያለው ሼል ወላጁ ማን ነው? ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ታብ ልጅ ይመስለናል። አይደለም። ሁለቱንም የወለዳቸው መስኮቱ፣ ማለትም ተርሚናል የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሁለቱ ሼሎች እኅትማማቾች ናቸው እንጂ እናትና ልጅ አይደሉም። ተርሚናሉ ደግሞ ጠዋት ከሜኑው ላይ ሲከፈት እቤት ቆሞ ነው የጀመረው፤ ትልቋ ልጅ የትም ብትሄድ እርሱ ከዚያ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ዝም ብሎ ከተወለደ አዲሱ ሼል የሚወርሰው የወላጁን ቦታ ነው፤ እቤትን።

አዲሱ ታብ እኅቱ ያለችበት እንዲከፈት ከተፈለገ ተርሚናሉ በመጀመሪያ «የቀድሞዋ የት ናት?» የሚለውን ማወቅ አለበት። ይህን የሚያውቅባቸው ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ማንንም ሳያስቸግር መዝገብ ማየት ነው። ሊኑክስ ስላሽ ፕሮክ በሚባል ቦታ ለእያንዳንዱ የሚሠራ ፕሮግራም በቁጥሩ አንድ ፎልደር አለው። በዚያ ውስጥ ሲ ደብልዩ ዲ የሚባል ጠቋሚ አለ፤ ፕሮግራሙ በዚያች ደቂቃ የት እንደቆመ ያሳያል። ተርሚናሉ የሼሉን ቁጥር ስለሚያውቅ ሄዶ ያያል፤ ያየውንም ለአዲሱ ልጅ ይነግረዋል። በስልካችሁ ላይ ተርሙክስ የሚባለውን ፕሮግራም የጫናችሁ አላችሁ፤ እርሱ አዲስ ክፍለ ጊዜ ስትከፍቱ የሚጠቀመው ይህንን ዘዴ ነው። ስለዚህ በስልክ ላይ የለመደ ሰው ወደ ኮምፒዩተር ሲመጣ «ሁሉም እንደዚያ ነው» ብሎ እንዳይታለል እፈልጋለሁ።

መዝገብ የማየቱ መንገድ ጥሩ ቢሆንም የሚደርስበት ወሰን አለው። ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ተገናኝታችሁ እዚያ ውስጥ ፎልደር ብትለውጡ፣ የምትሠሩበት ሼል ያለው በዚያኛው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ የእናንተ ተርሚናል የሚያየው ግን የራሱን አገር መዝገብ ብቻ ነው። እንደዚሁም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ማለትም ሩት ሆናችሁ የከፈታችሁትን ሼል መዝገብ ተራው ተርሚናል እንዲያየው አይፈቀድለትም።

ሁለተኛው መንገድ ሼሉ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ሼሉ ትእዛዝ ለመቀበል በተዘጋጀ ቁጥር፣ ያችን ፕሮምፕት የምንላትን መስመር ከማውጣቱ በፊት፣ ለዓይን የማይታይ አጭር መልእክት ለተርሚናሉ ይጽፋል። መልእክቱ የሚጀምረው ኢስኬፕ በሚባለው ምልክት ነው፤ ቀጥሎ የሚዘጋ ቀጥ ያለ ቅንፍ፣ ቀጥሎ 7 ቁጥር፣ ቀጥሎም የኮምፒዩተሩ ስምና የፎልደሩ ሙሉ መንገድ ይከተላል። ባለሙያዎቹ ኦኤስሲ 7 ይሉታል። ተርሚናሉ ይህን ሲያይ በስክሪኑ ላይ አያወጣውም፤ በልቡ ይይዘዋል። ታብ ክፈት ስትሉት በመጨረሻ የሰማውን ቦታ ያስታውሳል። የኮምፒዩተሩ ስም የተጨመረውም ስለ ኤስኤስኤች ነው፤ መልእክቱ ከሌላ ኮምፒዩተር የመጣ እንደሆነ ተርሚናሉ ያንን መንገድ በራሱ ቤት ውስጥ እንዳይፈልግ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው የሚሆን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ ወዲህ ፎልደሮቻችንን በገዛ ፊደላችን መሰየም ችለናል፤ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ይሁንና እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። በዚህ መልእክት ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄ ተተክቶ ይላካል። ስለዚህ «ውጤት» የምትለዋ ባለ ሦስት ፊደል ቃል በመልእክቱ ውስጥ 27 ምልክት ትሆናለች። ከየቦታው የተቀዳ የቸኮለ ሰው የጻፈው መስመር ይህን ለውጥ ይዘለዋል፤ በእንግሊዝኛ ለተሰየመ ፎልደር ይሠራል፤ በአማርኛ ለተሰየመው ወይም በስሙ መካከል ባዶ ቦታ ላለው ላይሠራ ይችላል። ሌላው ሁሉ ሠርቶ በአማርኛው ፎልደር ብቻ እቤት ከተከፈተባችሁ ምክንያቱን በመጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። በሊኑክስ ላይ ግኖም ተርሚናልን የምትጠቀሙ፣ ይህን የማይታይ መልእክት የሚያስልከው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አብሮ ተጭኖ ይመጣል። ቦታው ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ፕሮፋይል ነጥብ ዲ ነው፤ ስሙም በቪቲኢ ይጀምራል። ችግሩ ያ ጽሑፍ የሚነበበው በመግቢያ ሼል ጊዜ ሲሆን፣ ታብ ውስጥ የሚከፈተው ሼል ግን ብዙ ጊዜ የመግቢያ ሼል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ እቤታችሁ ባለው ባሽ አርሲ በሚባለው ፋይል መጨረሻ ላይ «ያንን ጽሑፍ አንብብ» የሚል አንድ መስመር መጨመር ነው። ኮንሶል የሚባለውን ተርሚናል የምትጠቀሙ በፕሮፋይሉ ቅንብር ውስጥ አሁን ባለው ቦታ እንዲጀምር የሚያደርግ ምልክት የሚደረግባት ሣጥን አለች። የማክ ኮምፒዩተር ያለው ሰው እዚህ መኖሩን እንጃ፤ ካለ ግን በተርሚናሉ ቅንብር ውስጥ አዲስ ታብ በዚያው የሥራ ዳይሬክቶሪ እንዲከፈት የሚል ምርጫ ያገኛል።

ዊንዶውስ ላይ ትንሽ ይለያል። ማይክሮሶፍት በ2019 ያስተዋወቀው ዊንዶውስ ተርሚናል ውስጥ የመደመር ምልክቷን ስትጫኑ አዲሱ ታብ ለእርሱ በተወሰነለት መነሻ ቦታ ነው የሚከፈተው። ታቡን አባዛ የሚል ሌላ ምርጫ አለ፤ እርሱም ቢሆን ሼሉ ቦታውን በመልእክት ካልነገረው ያለንበትን አያውቅም። ስለዚህ ዊንዶውስም ላይ ፕሮምፕቱን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል፣ እንደሚጻፉት አድርጌ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ በዚህ ክፍል በር ላይ ለጥፌያለሁ። ከዚያ መቅዳት ትችላላችሁ። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል።

እስካሁን የተናገርኩትን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁልጊዜ ያለንበት ቦታ ይከፈትልን» ሊል ይችላል። እኔም እንደዚያ እመርጣለሁ። ነገር ግን ይህም የራሱ ጣጣ አለው፤ በዚህ ካምፕ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ፍላሽ ሰክታችሁ፣ ፍላሹ ውስጥ ገብታችሁ ስትሠሩ አዲስ ታብ ብትከፍቱ፣ አዲሱም ፍላሹ ላይ ይቆማል። ሦስተኛ ብትከፍቱ እርሱም እዚያው። ሥራ ጨርሳችሁ ፍላሹን ልትነቅሉ ስትሉ ኮምፒዩተሩ «በሥራ ላይ ነው» ብሎ አልለቅም ይላል፤ ምንም እየሠራ አለመሆኑን ታያላችሁና ትናደዳላችሁ። ምክንያቱ ከታቦቹ አንዱ ፍላሹ ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። አንድ ሼል የቆመበትን ዲስክ ሊኑክስ እንዲሁ አይለቅም። የተናደደ ሰው ጎትቶ ይነቅለዋል፤ በዚያች ቅጽበት ገና ተጽፎ ያላለቀ ነገር ካለ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ታብ ሲዲ ብሎ ወደ ቤት መመለስ ወይም ታቦቹን መዝጋት፣ ከዚያ ፍላሹን በትእዛዝ ማስለቀቅ።

ሌላም አለ። መሰረዣውን ትእዛዝ፣ አርኤም የሚባለውን፣ በአዲስ ታብ የምትጽፉ ከሆነ እለምናችኋለሁ፣ አስቀድማችሁ ፒ ደብልዩ ዲ በሉ። ሦስት ሆሄ ነው። እኔ ስሕተት ቦታ ሆኜ ቀዳሁ፤ የሰረዝኩ ቢሆን ኖሮ የ2013ቱም አይኖርም ነበር። ፕሮምፕታችሁም የፎልደሩን ሙሉ መንገድ እንዲያሳይ አድርጉ። የእኔ፣ መስመሩ አጭር ይሁን ብዬ የፎልደሩን ስም ቆርጬ አውጥቼው ነበር፤ ለውበት ብዬ መሆኑ ነው። ባይቆረጥ ኖሮ ዓይኔ ሊያርፍበት ይችል ነበር። ይችል ነበር ነው የምለው፤ በዚያች ሌሊት ዓይኔ በሩ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አልነበረም።

ለአስፈላጊ መዝገብ ደግሞ የትም ቦታ ላይ ብቆም አድራሻውን ከሥሩ ጀምሬ ሙሉውን እጽፋለሁ። ረጅም ነው፤ ያሰለቻል፤ የታብ ቁልፍን ሲጫኑት ግን ግማሹን ራሱ ያሟላላችኋል። (ይህ የታብ ቁልፍ ከምናወራው ታብ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አንድ አይደለም፤ ባለፈው ጊዜ ያደናገራችሁ ይህ ነበር።) ከቀዳሁ በኋላም የተቀዳውን ከፍቼ ቀኑን አያለሁ። አንድ ሺህ ጊዜ «ተሳክቷል» ቢለኝ የውስጡን አንድ ስም ሳላነብ ፍላሽ ኪሴ አልከትም።

ከወላጆች መካከል አንዲት እናት ከመጀመሬ በፊት ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? እኛ የምንፈልገው የልጆቻችን ወረቀት እንዳይጠፋ ነው» ብለውኝ ነበር። እማማ፣ እኔም ስለዚሁ ነው የመጣሁት። የዚህ ትምህርት ቤት መዝገብ አሁን በሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ በዚህ ክፍል ኮምፒዩተር፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በወረቀት ታትሞ በሣጥን። በየወሩ መጨረሻ ሁለት ተማሪዎች ከእኔ ጋር ሆነው ሦስቱን እያስተያዩ ያረጋግጣሉ። የዚህ ወር ተረኞች ስማቸው በሰሌዳው ላይ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ሲነሣ ሁላችሁም በየተራ በየኮምፒዩተሩ ትቀመጣላችሁ። መጀመሪያ አንድ ፎልደር ውስጥ ትገባላችሁ፤ አዲስ ታብ ትከፍታላችሁ፤ ፒ ደብልዩ ዲ ትላላችሁ፤ ያወጣውን በደብተራችሁ ትጽፋላችሁ። ከአምስቱ ኮምፒዩተሮች ሁለቱን ሆን ብዬ ሳላስተካክል ትቻቸዋለሁ። የትኞቹ እንደሆኑ የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ። ከጀብራ የመጣችሁና የድሮ ተማሪዎቼን የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ፣ የ22ቱ ስም ዝርዝር እዚህ በእጄ ነው፤ የውጤት ካርድ ፎቶ የያዘ ሰው ብታውቁ ከመውጣታችሁ በፊት አናግሩኝ።